የትራንስፖዟ መርዶ

አማን፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበርሽው የአክስቴ ልጅ ለሚርያም
ዶሃ

ጉዳዩ፦ ከባድ የሐዘን ዜና ስለማሳወቅ

ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመ ጌታ አንቺንም በሰው አገር ያቁምሽ። ይህን ደብዳቤ ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ ግን ቁጭ በይ። አጠገብሽ ሰው ካለ ውኃ ያቀብልሽ። ለብዙ ዓመታት ኳየራችንን በታማኝነት ያገለገለችው፣ ደከመኝ ብላ የማታውቀው፣ ለማንም ክፉ ቃል ያልወጣት ውድ እህታችን ባለፈው እሁድ ከሁለተኛው መዝሙር በኋላ ድንገት ታማ፣ የኳየር መሪያችን ጋሽ ታምሩ እጁን ጭኖ እየጸለየላት፣ እጄ ላይ አርፋለች።

አትደንግጪ፣ እናትሽ አይደለችም። አክስቴ ወለላ ይኸው ደጅ ቁጭ ብላ ቡናዋን የሚጭረውን ዶሮ እየተራገመች ነው። የሞተችው ትራንስፖዝ ናት።

አዎ፣ ትተሽልኝ የሄድሽው ኪቦርድ ላይ ከድምፅ መጨመሪያው ጎን ያለችው ትንሿ መጫኛ። ምን እንደምትሠራ ታውቂያለሽ፣ ግን ሐዘንተኛ የሟች ታሪክ ማንበብ ስላለበት ላንብብ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የምመታው ነጮቹን ጥርሶች ብቻ ነው። ዘማሪዋ ከፍ ስትል ትራንስፖዝን እጫናለሁ፣ ኪቦርዱ ራሱ ከፍ ይላል። ዝቅ ስትል እጫናለሁ፣ ዝቅ ይላል። ጣቴ ካለበት አይነቃነቅም። ምእመኑ "አሞጽ እኮ በሁሉም ኪይ፣ በማንም ድምፅ ከፍታ ይመታል" ይላል፣ እኔም አላስተባብልም። ጥቁሮቹን ጥርሶች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትቼላቸዋለሁ። አሁን ብጫናት ብጫናት እንዳኮረፈ ሰው ዝም።

ይሄ የሚጎዳው አንቺን ነው። በጥር ኳየሩ ሃያ ዓመት ይሞላዋል። ጋሽ ታምሩ ቃሉን አላጠፈም፤ አንቺ የደረስሽው መዝሙር በራስሽ ድምፅ ከስፒከር ይወጣል፣ እኔ ከሥር እመታለሁ፣ አክስቴ ወለላ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ፕሮግራሙ ይኸው ነው። ችግሩ በስልክሽ ቀድተሽ የላክሽው ድምፅ ከነጮቹ ከአንዱም ጋር አይገጥምም። መሐል አስፋልት ላይ እንደቆመ ባጃጅ በሁለት ነጮች መካከል ተገትረሽ ቆመሻል። ሟቿ ብትኖር በአንድ ጭነት እደርስብሽ ነበር።

ስለዚህ ወይ አዲስ ኪቦርድ ላኪ፣ ወይ ትንሽ ዝቅ ብለሽ ድገሚው። ደግሞ ከጀርባሽ "እምምም" የሚለው ነገር ምንድን ነው? ሪሴፕሽኑ ላይ የቡና መፈልፈያ ተክላችኋል እንዴ?

በወረቀት ጽፈህ ፎቶ አንስተህ ላክ፣ አለዚያ ከዘጠነኛ ክፍል ይዘሃት የወጣሃትን ፊደል ትረሳታለህ ብለሽኝ አልነበር። ይኸው አልረሳኋትም።

ሐዘንተኛው ወንድምሽ አሞጽ


ዶሃ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአሞጽ

ጤናው ካንተ አይለይ፣ ልቦናውን ደግሞ ጌታ ይጨምርልህ።

ደብዳቤህን የከፈትኩት ሥራ መሐል ቆሜ ነው። "ውኃ ያቀብልሽ" የሚለው ጋ ስደርስ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አብራኝ የምትሠራው ኬንያዊት እናቷ ሞታ ነው ብላ ሌሎቹን ጠራች። ሦስት ሆነው አቅፈውኝ፣ ኬንያዊቷ ከኔ ብሳ እያለቀሰች፣ ትራንስፖዝ ናት የሚለውን አነበብኩ። ምን ብዬ እንዳስረዳኋቸው አልነግርህም። ስመለስ የማደርግህን ግን አስቤ ጨርሻለሁ።

ኪቦርድ አልልክም። በሰው ሻንጣ የሚሄድ ዕቃ አይደለም። ስሄድ ምን ነበር ያልኩህ? ጥቁሮቹንም ልመድ ብዬህ ነበር። አንተ ግን ውኃ እንዳየች ድመት ትሸሻቸዋለህ። ለመሆኑ ኪቦርዱ አሁንም መቆሚያው ላይ ነው አይደል? መሬት ላይ እንዳታደርገው፣ የአማን እርጥበት ይገድለዋል።

የእናቴ ቡና እንዴት ሆነ? ዝናቡ አቆመ ወይስ አሁንም ቤት ውስጥ ነው የምታሰጣው? እኔ ደህና ነኝ በላት። ሥራው አይከብድም፣ ሪሴፕሽን ማለት ተቀምጦ ፈገግ ማለት ነው። እጄን ብቻ ትንሽ ይሰነጣጥቀኛል፣ የአየሩ ነገር ነው።

መዝሙሩን ደግሜ ልኬልሃለሁ። አንተ መትተህ የላክኸውን መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። እየሰማሁ እንዳልቀዳ ስልኬ አንድ ነው። ስለዚህ ዜማውን ልቤ ውስጥ ይዤ ሄጄ፣ ካንተ ጋር እንዲስማማ ዝቅ ብዬ ዘመርኩት። ይሄኛው መግጠም አለበት። በዚህ ብቻ አታሳፍረኝ፣ እናቴ ድምፄን ከሰማች ስንት ጊዜ ሆናት።

እህትህ ሚርያም


አማን፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሚርያም

ጌታ ትዕግሥቱን ለኔ፣ ጆሮውን ላንቺ ያብዛልን።

የላክሽውን ድምፅ እዚህ ማውረድ እምቢ ብሎኝ በባጃጅ ወደ ሚዛን ከተማ ወጥቼ ዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር ተደግፌ አወረድኩት። ጥበቃው ሁለት ጊዜ "ተማሪ ነህ?" አለኝ። በሁለተኛው "የሙዚቃ መምህር ነኝ" አልኩት፣ ከዚያ እንድርቅ ነገረኝ። አውርጄ እየሮጥኩ ቤት ስደርስ መብራት ሄዷል። ኪቦርድ ደግሞ ያለ መብራት ጠረጴዛ ነው። መብራቱ ሲመጣ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። ስልኩ ሲሞላ መብራቱ ተመልሶ ሄደ። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ላይ ሲገኙ ድምፅሽን ከፈትኩ።

ዝቅ ብዬ ነው የዘመርኩት አልሽ? ሁለቱን ቅጂ አከታትዬ አጫወትኳቸው፣ ሚሪ። መንታ ናቸው። እዚያው፣ ያንኑ ሁለት ነጭ መሐል ገብተሽ ቆመሻል። ባጃጁ ንቅንቅ አላለም። እኔ የላክሁልሽ ሌላ ቦታ፣ አንቺ የዘመርሽው ሌላ ቦታ። ጆሮሽን የሆቴሉ ኤሲ ደፍኖት ይሆን እንዴ?

ጋሽ ታምሩ መጥቶ ሰማ።

"አሞጽ፣ አንተ ነህ እሷ ናት የተሳሳተው?" አለኝ።

"ጋሼ፣ የተሳሳተው በመካከላችን ያለው ባሕር ነው።"

"ባሕሩን ተወውና፣ እስከ ገና ካልገጠማችሁ መዝሙሩን ዲቦራ ትዘምረዋለች።"

"በየትኛው ኪይ ልትዘምረው?"

"ዲቦራ ኪይ አታስቸግርም" አለ። እውነቱን ነው። የሌላት ነገር እንዴት ያስቸግራታል።

መቆሚያውን ጠይቀሻል። ኪቦርዱ ከመሬት ከፍ ባለ፣ ምቹና ጠንካራ ነገር ላይ በክብር ተቀምጧል። ተጨማሪ ጥያቄ ካለሽ በጽሑፍ አቅርቢ።

ቡናው አሁንም ቤት ውስጥ ነው፣ የምንተኛው በቡና ተከበን ነው። ኮት ለብሰሽ የላክሽውን ፎቶ እናትሽ በፍሬም አስገብታ ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚቀርብለት እሱ ነው። "ልጄ፣ ሪሴፕሽን ናት" ትላለች፣ ቃሉን ለመጥራት ሳምንት ነው የተለማመደችው። ኮቱ ያምራል፣ ግን እጅጌው ጣትሽ ድረስ ወርዷል። ሆቴሉ ልክሽን አያውቅም ወይስ የሰው ነው?

አዲሱ ኪቦርድ ቀርቶብኛል። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ፤ ያ መፈልፈያ የሌለበት ቦታ ሄደሽ ዘምሪ። መኝታ ክፍልሽ ምን ሆነ?

የጥርሱ ብዛት የማይጠቅመው ወንድምሽ አሞጽ


ዶሃ፣ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአሞጽ

ሰላም ለቤቱ ሁሉ ይሁን።

መኝታ ክፍል አይሆንም። ስድስት ነን፣ በፈረቃ ስለምንሠራ ሁልጊዜ የምትተኛ አለች። አንድ ቀን ድምፄን ባወጣ ትራስ ተወረወረብኝ። ጣሪያ ላይ ወጣሁ፣ ጥበቃው አወረደኝ። በዚህ ከተማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ብዘምር ማንም የማይሰማኝ ቦታ አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ከዚያ ነው የላክሁልህ። ሦስተኛውንም ከዚያው፣ በምሳ ዕረፍቴ ሳልበላ ቀድቼ ልኬልሃለሁ።

ይሄም አልገጠመም ካልክ ለዲቦራ ስጧት። የምሬን ነው። መዝሙሩ ይዘመር እንጂ በማን ቢዘመር ምን ይለያል።

ስለ ኮቱ አትጠይቀኝ። ለእናቴም እንዲህ ያለ ነገር አንሥተህ አታውራላት።

ሚርያም


አማን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሚርያም

ምርቃቱን ዛሬ ዘልዬዋለሁ፣ ተናድጃለሁ።

ሦስተኛውም አልገጠመም። ይኸው ነገርኩሽ። በነጮቹ አሳደድኩሽ፣ ከላይ መጣሁ፣ ከታች መጣሁ፣ ስደርስ አልፌሻለሁ፣ ሳልደርስ ቀርቻለሁ። በመጨረሻ ኪቦርዱን በጥፊ መታሁት። ምን እንደነካሁ እንጃ፣ ውስጡ ያለውን የፈረንጅ ማሳያ ሙዚቃ ከነከበሮው ራሱ መጫወት ጀመረ። እናትሽ ከደጅ ሆና "አሁን ገና ለመድክ" አለችኝ።

ምን ይለያል ላልሽው መልስ አለኝ። ትናንት ዲቦራ ልምምድ ላይ መዝሙርሽን ዘመረችው። አክስቴ ወለላ ዳቦ ልታደርስ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ሲያልቅ "ደስ ይላል፣ የማን ነው?" አለችኝ።

"የልጅሽ ነው" አልኳት።

"አልመሰለኝም" ብላ መሶቡን ይዛ ሄደች። የሚለየው ይሄን ነው።

ለዲቦራ አልሰጣትም። ለጋሽ ታምሩም ገጥሟል፣ ትንሽ ነው የቀረን ብዬ ዋሽቼዋለሁ። ጸሎት ያስፈልገኛል፣ ግን ምን ብለሽ እንደምትጸልዪልኝ አላውቅም።

አሞጽ


አማን፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዝም ላልሽው ለእህቴ ለሚርያም

ድምፅሽን ያጠፋው አምላክ መልሶ ያምጣልን፣ እኛ ደግሞ ሲመጣ የምናስቀምጥበት ቦታ አግኝተናል።

ዝምታሽ ስለገባኝ አልነዘነዝኩሽም። ነገር ግን አንድ ነገር ሆኗል፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። መብራት የመጣ ቀን ሦስቱንም ቅጂሽን ስልኩ ላይ በተራ እንዲጫወቱ ለቅቄ፣ ተስፋ ቆርጬ ኪቦርዱ ላይ በክርኔ ተኛሁበት። መዝሙሩን ሳትጀምሪ በፊት ጉሮሮሽን የምትጠርጊበት ጊዜ አለ፣ "እምምም" የሚለው ብቻውን የሚሰማበት። ያኔ ክርኔ አንድ ጥቁር ጥርስ ነካ። እምምታው ጠፋ። ቀና ስል ተመለሰ። መልሼ ነካሁት፣ ጠፋ። ማሽኑና ጥቁሩ አንድ ድምፅ ናቸው ማለት ነው። አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቶ ሲደበቅ ነው የጠፋ የሚመስለው። ሁለተኛውን ቅጂ ሰማሁ፣ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው ነው።

ከዚያ አንቺ ጀመርሽ፣ እዚያው ጥቁር ላይ። ሚሪ፣ ጆሮሽ ምንም አልሆነም። የኔን ምት ልብሽ ውስጥ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ እዚያ ቦታ ስትደርሺ ማሽኑ ከልብሽ ይነጥቅሽና የራሱን ይሰጥሻል። አንቺም ሳታውቂ እሱ ላይ ትዘምሪያለሽ። ስንት ሰዓት ስትሰሚው ብትውዪ ነው እንዲህ የተዋሐደሽ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፣ ከዚያ ማሰቡን ተውኩት። ምን ማሽን እንደሆነ አልጠይቅሽም።

አሁን ሳቂ። መዝሙርሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ጥቁሮቹም ተቆጥረው አምስት ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ራሳቸውን ነው የሚደግሙት። ከዚያው ጥቁር ተነሥቼ አንድም ነጭ ሳልረግጥ መዝሙሩን ጨረስኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸኋቸው ጥቁሮች ያንቺን መዝሙር አፋቸው ውስጥ ይዘው ሲጠብቁኝ ነበር።

ጨረስኩት ስል ግን ተንፏቅቄ ነው። ጥቁሮቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ጣቴ ይንሸራተትና ነጩ ላይ ይወድቃል፣ ስወድቅ የሚወጣው ድምፅ የሚያሳፍር ነው። ከአርባ ጊዜ በላይ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ጎረቤታችን ፈንታው በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ "ይሄ ልጅ ታሟል ወይስ ይቅርታ እየጠየቀ ነው?" አለ። አንገቴ ተጣሟል፣ ንዴቴም ገና አልወጣልኝም።

ብቻ አንቺ እዚያው ቁሚ፣ ደግመሽ አትቅጂ፣ ጦምሽን አትዋዪ። የምመጣው እኔ ነኝ።

አሞጽ


ዶሃ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአሞጽ

የምትመታባቸው ጣቶችህ ይባረኩ፣ አንገትህም ይቃና።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለኬንያዊቷ ተርጉሜ ብነግራት በሳሙና የራሰ እጇን ጠርጋ ስልኬን ቀምታ መዝሙሬን ከፈተችና፣ ማሽኑ ላይ ለጥፋው አብራው "እምም" አለች። ልክ ነህ፣ አንድ ናቸው። ያልጠየቅኸኝን ስላልጠየቅኸኝ ጌታ ይስጥልኝ።

አሁን የምፈራውን ልንገርህ። እናቴ ፊት ወንበር ላይ ናት። እኛን ያሳደገችን ቴፒ መፈልፈያ ቤት ቡና እየለቀመች ነው፣ የማሽን ድምፅ ከኔም ካንተም ይልቅ ታውቃለች። ሪሴፕሽን ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ አይጠፋትም። ፎቶውን ደግሞ አገር አይቶታል። ለሰው ሁሉ "ተቀምጣ ነው የምትሠራው" ብላለች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንገቷን ከምታስደፋት ዲቦራ ትዘምረው። ይሄን የምጽፈው ተቆጥቼ አይደለም።

ከጠየቀችህ ምን ትላታለህ? መልስ ከሌለህ አትክፈተው።

ሚርያም


አማን፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሚርያም

መልስ አለኝ። ምን እንደሆነ አልነግርሽም፣ ከነገርኩሽ ትከለክይኛለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ የኖርኩት ለዚህ ቀን ሳይሆን አይቀርም።

አሞጽ


አማን፣ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሚርያም

በሩቅ ያለሽው ድምፃችን፣ ሰላምሽ እንደ እሁዱ ሕዝብ ይብዛ።

ያየሁትን እንዳየሁት ልጻፍልሽ። ቤቱ ሞልቶ ሰው በመስኮት ነበር የሚያየው። ዲቦራ ኩርፊያዋን ለብሳ መጥታለች። መብራቱ እንዳይሄድ እኔ ብቻ ሳልሆን ጋሽ ታምሩም ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልይ ነበር። ፍላሹን ሰካሁ፣ "እምምም" ብሎ ያ ማሽን ከትልቁ ስፒከር ወጣ። ሰው ጣሪያውን አየ። ጋሽ ታምሩ ዘሎ ሽቦ መነካካት ጀመረ። እኔ ያንን ጥቁር ነካሁት፣ ማሽኑ ውስጡ ገባ፣ ጉሮሮሽን ጠረግሽ፣ ጀመርሽ።

ሁለት ቦታ ስቻለሁ። አንዱን አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው፣ ሌላውን ዲቦራ ሰምታ ፈገግ ብላለች። የቀረው ገጥሟል።

አክስቴ ወለላ አላለቀሰችም። ፕሮግራሙን አበላሸችብን። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ አንቺን ሳይሆን ከሥርሽ ያለውን ነገር የምታዳምጥ ነበር የምትመስለው። ሲያልቅ ግቢ ውስጥ ዳቦና ሻይ ሲታደል ጠራችኝ።

"አሞጽ፣ ከሥር የነበረው ምንድን ነው?"

"ባስ ነው አክስቴ። ዘመናዊ ባስ። ውጭ አገር ያለሱ መዝሙር አይቀዱም።"

"ባስ።"

"ባስ።"

አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። "ይሄ ባስ ቴፒም ነበረ" አለች። "ሚርያምን አዝዬ ስለቅም እሱ ላይ ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት። የምትነቃው ማሽኑ የቆመ እንደሆነ ነው።"

ያዘጋጀሁት ውሸት እዚህ ላይ አለቀብኝ። ይሄ ደርሶብኝ አያውቅም፣ ታውቂያለሽ።

ነጠላዋን አጣፋችና ልትሄድ ስትል ተመለሰች። "ባስ እጅ ያደርቃል። ቫዝሊን ትቀባ በላት። ከኔ ነው እንዳትላት።"

ስለዚህ ከኔ ነው፤ ቫዝሊን ተቀቢ።

ፎቶው ካለበት አልወረደም። ትናንት የፈንታው ሚስት መጥታ ቆማ ስታየው፣ እናትሽ ሪሴፕሽን የምትለውን ቃል አልተናገረችም። "ልጄ ናት፣ እሁድ የሰማሻት" ብቻ አለቻት። ጋሽ ታምሩ ደግሞ ያንን ባስ ለሁሉም መዝሙር ጨምርልን ብሎ ይዞኛል። የት እንደሚገኝ ስላላወቅሁ ከዶሃ ነው የሚመጣው ብዬዋለሁ።

የቀረው የሟቿ ጉዳይ ነው። ትናንት ኪቦርዱን ላጸዳ ብዬ ስገለብጠው አንድ ነገር ውስጡ ኮሽ አለ። እዚህ ላይ የመቆሚያው ነገር መነሣቱ ግድ ነው። እግሩ ከተሰበረ ቆይቷል። ያ ምቹና ጠንካራ ነገር ያልኩሽ የእናትሽ የቡና ጆንያ ነው። ትራንስፖዟን በስንጥር ጠርዟ ላይ ቆርቆር ባደርጋት ከሥሯ አንዲት የቡና ገለባ ወጣች። ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ታንሳለች። መጫኛዋ ወዲያው ጠቅ አለች፣ ከፍም ዝቅም ትላለች፣ ምንም አልሆነችም፣ ከመጀመሪያውም ምንም አልሆነችም ነበር። ሞከርኳትና ዜሮ ላይ መለስኳት። ጥቁሮቹን ለምጄያቸዋለሁ።

ገለባዋን እዚህ ወረቀቱ ጥግ ላይ በፕላስተር ለጥፌያታለሁ። ፎቶው ላይ ስታያት ቆሻሻ እንዳይመስልሽ። መርዶ ያረዳሁሽ፣ ኬንያዊቷን ያስለቀስኩት፣ ጦምሽን ያዋልኩሽ፣ በጥፊ የተማታሁት ለእሷ ነው። ነገሩ ሁሉ ይህችን ታህል ነበር።

ወንድምሽ አሞጽ